ጤናማውን ልጅ የሚያውቅ ሐኪም፦ ስለ ሕፃናት ራዲዮሎጂ የዩኒቨርሲቲ ሙያ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በራዲዮሎጂ (በሕክምና ምስል ምርመራ) ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ሕፃናት ክፍል በተመደብኩበት ወቅት ሥራውን ወድጄዋለሁ፤ ማስተማርና መመራመርም እፈልጋለሁ። የማማክራቸው ሰዎች ግን የተለያየ ነገር ይነግሩኛል። አንዱ ከሕመምተኛ ርቆ ጨለማ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው ይለኛል፤ ሌላው ገቢው ዝቅተኛ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራውን ኮምፒውተር ይወስደዋል ብሎ ያስፈራራኛል። በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ራዲዮሎጂስት ሆኖ መሥራት በእውነቱ ምን ይመስላል? ብገባበት ይሻላል?»

ምላሽ፦

የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላስቀድም። ማስተማርና መመራመር ከልብዎ የሚስቡዎት ከሆነ ይግቡበት። ይህን የምለው ሙያውን ስለምወደው ብቻ አይደለም። በሕፃናት ራዲዮሎጂ ምርምሩና ማስተማሩ ከዕለት ሥራው ጋር የተጋመዱ ናቸው። በሌላ ዘርፍ አንድ ሰው ምርምር ውስጥ ሳይገባ ጎበዝ ምስል አንባቢ ሊሆን ይችል ይሆናል። በልጆች ላይ ግን በቅጡ ያልተለካና ያልተመዘገበ ነገር ገና ብዙ ነው። ስለዚህ ምስል ፊት የተቀመጠ ሐኪም መልሱ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመዋል። ጥያቄውን ትቶት የማያልፍ ሰው ሳያስበው ተመራማሪ ይሆናል።

ብዙ ሠልጣኞች የሕፃናት ራዲዮሎጂስትን ከሌላው የሚለየው ብርቅ በሽታዎችን ማወቁ ይመስላቸዋል። እኔ የማምነው ሌላ ነው፤ የሚለየው ጤናማውን ልጅ ማወቁ ነው። የሠላሳ ዓመት ሰው ጉበት ከአርባ ዓመት ሰው ጉበት ጋር ቢተያይ ልዩነቱ እምብዛም ነው። ልጅ ላይ ግን በስድስት ወሩ ጤናማ የሆነው ነገር በስድስት ዓመቱ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ክርንን ይመልከቱ። ሕፃን ሲወለድ በክርኑ ዙሪያ ያሉት የአጥንት ጫፎች ገና ስላልጠነከሩ ራጅ ላይ አይታዩም። ከአንድ ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ስድስት የአጥንት ማዕከላት (አጥንት መጠንከር የሚጀምርባቸው ነጥቦች) ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ቅደም ተከተላቸው በአብዛኛው የተጠበቀ ነው፤ በክርኑ ውስጠኛ ጎን ያለው ጉብታ በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ጎረቤቱ ቀድሞ መታየት አለበት። እንግዲህ አንድ የወደቀ ልጅ ራጅ ተነስቶ መጣ እንበል። በመገጣጠሚያው ውስጥ አንዲት ትንሽ አጥንት ትታያለች፤ በውስጠኛው ጎን ግን ምንም የለም። ያቺ አጥንት በተራዋ የወጣች ማዕከል አይደለችም፤ ከቦታዋ ተገንጥላ መገጣጠሚያው ውስጥ የተቀረቀረችው የውስጠኛው ጎን ጉብታ ናት። ቅደም ተከተሉን የማያውቅ አንባቢ «ጤናማ» ብሎ ይፈርማል፤ ልጁም ክርኑን እንደ ልብ መዘርጋት ተስኖት ሊያድግ ይችላል። እዚህ ላይ አንባቢውን ያዳነው ወይም ያሳተው ስለ ስብራት ያለው ዕውቀት አይደለም፤ ጤናማው ክርን በየትኛው ዕድሜ ምን እንደሚመስል ማወቁ ነው።

አንጎልም እንዲሁ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ኤምአርአይ ላይ የነጩና የግራጫው የአንጎል ክፍል ድምቀት ከአዋቂው ተገልብጦ ይታያል፤ የነርቮቹ ሽፋን ገና አልተሟላምና። ምስሉ ወደ አዋቂው መልክ የሚጠጋው በሁለት ዓመት ዕድሜ ገደማ ነው። የአጥንት መቅኔም በልጅነት ቀይ ሆኖ ይጀምርና ከእጅና ከእግር ጫፎች ተነስቶ ወደ መሃል አካል እየገሰገሰ በስብ ይተካል። አዋቂ ብቻ ሲያነብ የኖረ ዓይን የጤናማ ልጅን ቀይ መቅኔ አይቶ የደም ካንሰር ሊጠረጥር ይችላል።

ጤናማውን አለማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት የቲመስ ዕጢን ታሪክ ማወቅ ይበቃል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ቲመስ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ በላይ የሚገኝ ዕጢ ነው፤ በጨቅላነት ትልቅ ሆኖ ቆይቶ ከጉርምስና በኋላ እየከሰመ ይሄዳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት አስከሬን ሲመረመር ሐኪሞች ቲመሱን ትልቅ ሆኖ ያገኙት ነበር። የመተንፈሻ ቱቦን ተጭኖ የገደላቸው እርሱ ነው የሚል እምነት ተስፋፋ። ከዚያም በሕይወት ያሉ፣ ምንም ያልሆኑ ሕፃናት ደረታቸው በራጅ እየታየ፣ ጥላው ሰፋ ካለ ዕጢው እንዲሟሽሽ ጨረር ይሰጣቸው ጀመር። ይህ የተደረገው በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ ልጆች ላይ ነው።

ስህተቱ የተወለደው ከራጅ ክፍሉ ቀደም ብሎ ነው። አናቶሚ ይጠና የነበረው በአብዛኛው በድሆች አስከሬን ላይ ነበር፤ እነርሱም በረሃብና በረጅም ሕመም የሞቱ ነበሩ። ቲመስ ደግሞ በሕመምና በችግር ጊዜ የሚከሳ ዕጢ ነው። ሐኪሞቹ «ትክክለኛው መጠን» ብለው የያዙት የታመመን ልጅ ቲመስ ነበር። ድንገት የሞተው ሕፃን ቲመስ ግን ገና ሳይከሳ የቀረ፣ ጤናማ ቲመስ ነበር። በሕመም የከሳውን መለኪያ አድርገው ጤናማውን በሽተኛ አሉት። በ1950 የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ካንሰር ከያዛቸው ልጆች መካከል አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት በጨቅላነታቸው ለቲመስ ሲባል ጨረር የተሰጣቸው መሆኑን የሚያሳይ ጥናት ታተመ። በዘመኑ ይህን ልማድ በግልጽ ከተቃወሙት አንዱ ጆን ካፊ ነው። በሥልጠናው የሕፃናት ሐኪም ሲሆን ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የራጅ ክፍሉን ይመራ ነበር፤ በ1945 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ለቲመስ ጨረር መስጠት መሠረት የሌለው ነገር መሆኑን ጽፏል። ካፊ ይህን ለማለት የበቃው የጤናማ ሕፃናትን ደረት ደጋግሞ ስላየ ነው።

የዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ራዲዮሎጂስት ሥራ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄዎ የእኔ መልስ ከዚህ ታሪክ ይወጣል። ጤናማውን መለካት፣ የተለካው በማን ላይ እንደሆነ መጠየቅ፣ ያንንም ለተተኪው ማስተማር ነው። የምርምር ጽሑፎቹም፣ ማዕረጉም፣ ስብሰባዎቹም የሚመዘኑት ለዚህ በሚያበረክቱት ነው።

አሁን ወደ መካሪዎችዎ ልምጣ። «ከሕመምተኛ ርቆ ጨለማ ክፍል ውስጥ መቀመጥ» የሚለው አባባል ስለ ሕፃናት ራዲዮሎጂ ከተነገረ ትክክል አይደለም። በርግጥ ከቀኑ ብዙው ክፍል ኮምፒውተር ፊት ያልፋል። ነገር ግን ከራዲዮሎጂ ዘርፎች ሁሉ እጅን ሕመምተኛ ላይ ከሚያሳርፉት አንዱ ይህ ነው። ልጆች ቀጭን ስለሆኑ አልትራሳውንድ በእነርሱ ላይ ከአዋቂው ይልቅ ብዙ ያሳያል፤ ጨረርም የለውም። በብዙ የሕፃናት ሆስፒታሎች ራዲዮሎጂስቱ መሣሪያውን ራሱ ይዞ ይመረምራል።

ጥቂት ልጥቀስ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዕድሜ ገደማ ላይ ያለ፣ ጡት በጠባ ቁጥር በኃይል የሚያስመልስ ሕፃን ይመጣል። ከጨጓራው መውጫ ያለው ጡንቻ ሦስት ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወፍሮ እንደሆነ፣ የጠጣውም ፈሳሽ ያልፍ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ቁጭ ብለው ያያሉ። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንጀቱ ተጠምዝዞ የደም ሥሩ ታንቆ ሊሆን ይችላልና ሰዓት ሳይባክን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይጠራል። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ደግሞ መሣሪያውን እየገፉ ጽኑ ሕክምና ክፍል ገብተው ሙቀት መስጫው ውስጥ እንደተኛ በእርግብግቢቱ በኩል አንጎሉን ይመለከታሉ፤ ደም ፈሶ ይሆን ወይ ብለው። አጥንቱ ሲገጥም ይህ መስኮት ይዘጋል፤ በዚያ ዕድሜ ግን ልጁን ከአልጋው ሳያነሱ አንጎልን ማየት ይቻላል።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው የአንጀት መሰካትን ማስለቀቅ ነው። የአንጀት አንዱ ክፍል ወደ ሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ሲገባ ልጁ በየተወሰነ ጊዜ እግሩን አጥፎ በኃይል ያለቅሳል፤ በመሃል ዝም ይላል፤ ቆይቶም ደም የተቀላቀለ ዓይነ ምድር ሊወጣው ይችላል። አልትራሳውንድ ላይ አንጀቱ ክብ በክብ ተደራርቦ ይታያል። አንጀቱ ካልተበሳና የልጁ የደም ዝውውር በአደገኛ ሁኔታ ካልተዳከመ፣ የጎደለው ፈሳሽ ተተክቶለት፣ የቀዶ ሕክምና ቡድኑም ዝግጁ ሆኖ፣ ራዲዮሎጂስቱ በፊንጢጣ በኩል አየር ወይም ጨው ያለበት ውኃ በመጠን ያስገባል። አየር ሲሆን ግፊቱ በተለምዶ ከ120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳያልፍ ይጠበቃል። የተሰካው ክፍል ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ተላቆ አየሩ ወደ ትንሹ አንጀት ሲፈስ በዓይንዎ ያያሉ። አብዛኞቹ ልጆች በዚህ ዘዴ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ከአሥር አንዱ ገደማ ላይ ሊመለስ ስለሚችል ለወላጆች ይህንኑ ነግሮ መሸኘት የራዲዮሎጂስቱ ኃላፊነት ነው። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ሕመምተኛ አላይም ብሎ አያማርርም።

ወላጅም አለ። የልጅ ምርመራ ላይ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አብሮ ይገባል፤ ያ ሰው የምርመራው ስክሪን ስለማይገባው የእርስዎን ፊት ያነብባል። ምን እንደሚሉ፣ ምን ያህል እንደሚሉ፣ የትኛውን ለሚያክመው ሐኪም እንደሚተዉ አስቀድመው ካላሰቡበት ዝምታዎ ራሱ መርዶ ይሆናል። ይህን ማንም በመጽሐፍ አያስተምርዎትም፤ ጎበዝ ባለሙያ ሲያደርገው አጠገቡ ቆሞ ማየት ነው።

አሁን ስለ ከባዱ ክፍል። በ1946 ካፊ ስድስት ሕፃናት ላይ ያየውን አሳተመ። ሁሉም በአንጎላቸው ሽፋን ሥር የቆየ ደም ነበራቸው፤ በስድስቱ መካከል ደግሞ 23 የረጃጅም አጥንት ስብራቶች ነበሩ። ስብራቱን የሚያስረዳ የአደጋ ታሪክ አልተገኘም፤ አጥንታቸውንም የሚያዳክም በሽታ አልነበረም። በ1962 የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ኬምፕ ከባልደረቦቹ ጋር፣ ከእነርሱም መካከል ራዲዮሎጂስቱ ፍሬደሪክ ሲልቨርማን ሆኖ፣ ነገሩን በስሙ ጠሩት፤ እነዚህ ልጆች በሚያሳድጓቸው ሰዎች የተደበደቡ ናቸው። ስለ ራሱ መናገር የማይችልን ልጅ ወክሎ የተናገረው አጥንቱ ነበር፤ አጥንቱን ያነበበውም የእኛ ሙያ ነው።

ዛሬም ይህ ሥራ በእጅዎ ይወድቃል። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ተደብድቧል ተብሎ ሲጠረጠር ሙሉ አጥንቱ በራጅ ይታያል፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም ይደገማል፤ መጀመሪያ ያልታየ ስብራት መጠገን ሲጀምር ይገለጣልና። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ፤ ሁለቱም ያስፈራሉ። ያዩትን ካለፉት ልጁ ወደሚጎዳው ቤት ይመለሳል። ያልሆነውን ሆነ ካሉ ደግሞ ንጹሕ ቤተሰብ ይፈርሳል። ስለዚህ ሪኬትስን (በአብዛኛው በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የልጆች አጥንት መለስለስን)፣ አጥንት በቀላሉ እንዲሰበር የሚያደርገውን የዘር ሕመም፣ ያለ ጊዜው የተወለዱ ሕፃናትን የአጥንት መሳሳት፣ የጤናማ ሕፃን አጥንት ጫፍ ላይ የሚታዩትን ስብራት መሳይ መስመሮችም ጭምር አብጠርጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት ሲጠሩ ምስሉ የሚለውን ያህል ብቻ ይናገራሉ፤ አንዲት ቃል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከመግባትዎ በፊት ይህን ሸክም ለመሸከም ፈቃደኛ መሆንዎን ራስዎን ይጠይቁ፤ ከሚያማክሩት ባልደረባ ጋርም በግልጽ ይወያዩበት።

ስለ ምርምር። ጥሩ የምርምር ጥያቄ የሚገኘው ምስል ሲያነቡ እጅዎ ከቆመበት ቦታ ነው። «ይህ ኩላሊት ለአራት ዓመት ልጅ ትልቅ ነው?» ብለው ሠንጠረዥ ይከፍታሉ። ሠንጠረዡ ከየት መጣ? ስንት ልጆች ተለኩ? ሲለኩ ታመው ነበር ወይስ ጤነኞች? ቁመታቸውና ክብደታቸው ከፊትዎ ካለው ልጅ ጋር ይቀራረባል? ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ላይ መልሱ ደካማ ሆኖ ያገኙታል፤ ምርምርዎ እዚያ ይጀምራል።

ችግሩ ጤናማ ልጆችን ለምርምር ብሎ ጨረር ላይ ማቆም አለመቻሉ ነው፤ ክልክልም ነው፤ ትክክለኛ ክልከላ ነው። ስለዚህ መለኪያው ጨረር በሌላቸው በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ ይሰበሰባል፤ ወይም በሌላ ምክንያት ተነስተው ጤናማ ከተባሉ ምስሎች ይወሰዳል። የኋለኛው ዘዴ ቀላል ስለሆነ ሠልጣኞች ይወዱታል። ነገር ግን ሆስፒታል መጥቶ ሲቲ ስካን የተነሳ ልጅ አንድ ምክንያት ኖሮት ነው የመጣው፤ የቲመስ ታሪክ ስህተት በሌላ በር ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የልጆች ቁጥርም ትንሽ ነው። የልጅነት ካንሰሮች ብርቅ ስለሆኑ አንድ ሆስፒታል ብቻውን የሚያስተማምን ውጤት አያገኝም፤ ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር ተስማምቶ ሁሉም ምስሉን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያነሳ ማድረግ ዓመታት ይፈጃል። ከወላጅ ፈቃድ ባሻገር፣ ለማስተዋል የደረሰ ልጅ ራሱ እሺ ማለቱም ይጠየቃል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው የጽሑፎቹ ቁጥር ከአዋቂ ራዲዮሎጂ ባልደረቦቹ ሊያንስ ይችላል። አይጨነቁበት። ዘወትር የሚገለጥ አንድ የመለኪያ ሠንጠረዥ ማንም ከማያነብባቸው አሥር ጽሑፎች ይበልጣል፤ የማዕረግ ኮሚቴዎች ይህን ሁልጊዜ ባይረዱትም።

የጨረር ጉዳይ ምርምር በየዕለቱ አሠራር ላይ ያመጣውን ለውጥ በደንብ ያሳያል። የልጅ ሴሎች በፍጥነት ይባዛሉ፤ ከፊቱም ረጅም ዕድሜ አለ፤ ስለዚህ ያው መጠን ጨረር እርሱ ላይ የበለጠ አደጋ አለው። በ2001 የታተሙ ጥናቶች ብዙ ቦታዎች ልጆችን በአዋቂ መጠን ሲቲ ስካን እንደሚያነሱ አጋለጡ። በ2008 የሕፃናት ራዲዮሎጂስቶች፣ ቴክኖሎጂስቶችና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበራት በአሜሪካ ተባብረው የልጆችን ጨረር የመቀነስ ዘመቻ ጀመሩ፤ ዘመቻውም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። በ2012 ደግሞ በብሪታንያ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ በልጅነትና በወጣትነት ሲቲ ስካን የተነሱ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ጨረሩ ከደም ካንሰርና ከአንጎል ዕጢ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳየ። አደጋው ለአንድ ልጅ ሲታሰብ ትንሽ ነው፤ ከአሥር ዓመት በታች ላሉ አሥር ሺህ የጭንቅላት ሲቲ ስካኖች በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ተጨማሪ የደም ካንሰርና አንድ ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ ገደማ ነው። ከዚህ ቁጥር የሚወጣው ትምህርት አስፈላጊውን ምርመራ መከልከል አይደለም። የማያስፈልገውን ማስቀረት፣ የሚያስፈልገውን በልጁ ክብደት ልክ ማስተካከል ነው። ከቴክኖሎጂስቱና ከፊዚክስ ባለሙያው ጋር ተቀምጦ የማሽኑን መጠን ማስተካከል የምርምር ዝና አያመጣም። ብዙ ልጅ የሚጠቅመው ግን እርሱ ነው፤ በሙያ ማስረጃዎ ላይ በኩራት ይጻፉት።

ማስተማርን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ። ሠልጣኙ መጀመሪያ ይናገር። ምስሉ እንደተከፈተ መልሱን የሚናገር መምህር ተማሪው ዓይኑ የት እንደሄደ በጭራሽ አያውቅም። ሠልጣኙ «ጤናማ ነው» ሲል «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ዕድሜውን ሳያይ የፈረደ ከሆነ የዚያን ቀን ትምህርት አግኝታችኋል።

ገቢን በአጭሩ። በብዙ አገሮች የሕፃናት ራዲዮሎጂ ከአዋቂው፣ ዩኒቨርሲቲም ከግል ተቋም ያነሰ ይከፍላል። መካሪዎ እውነት ነግሮዎታል። በሌላ በኩል የሕፃናት ራዲዮሎጂስት እጥረት በብዙ ቦታ ስላለ ሥራ ማጣት የሚያሰጋ አይደለም። ከደመወዙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ለምርምር ቀን እንሰጣለን ይላሉ፤ የሚነበበው ምስል ሲበዛ መጀመሪያ የሚወሰደው ያ ቀን ነው። ከመቀጠርዎ በፊት ቀኑ በውል ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ካልሰፈረ የለም ብለው ይቁጠሩት። ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ፣ ከዚያም ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት መውጣት የሚታሰበው በዚያ ጊዜ በተሠራው ሥራ ነው።

ኮምፒውተር ሥራውን ይወስዳል ለሚለው ስጋት የአጥንት ዕድሜን ምርመራ ማየት ጠቃሚ ነው። የልጁን የግራ እጅ ራጅ ከመለኪያ ምስሎች ጋር እያነጻጸሩ የአጥንቱን ዕድሜ መገመት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተመቸ ሥራ ነው። በ2017 የሰሜን አሜሪካ ራዲዮሎጂ ማኅበር ከ14 ሺህ በላይ የእጅ ራጆችን ሰጥቶ ባዘጋጀው ውድድር ምርጦቹ ፕሮግራሞች ከባለሙያዎቹ ግምት በአማካይ በአራት ወር ገደማ ብቻ የሚለያዩ ሆነው ተገኙ። ይህ ጥሩ ነው፤ አሰልቺውን ሥራ ይቀንሳል። ነገር ግን እስከ ዛሬ በሰፊው የምንጠቀምባቸው፣ በአዘጋጆቻቸው ስም የግሪውሊክና ፓይል የሚባሉት መለኪያ ምስሎች የተሰበሰቡት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ክሊቭላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ኑሮአቸው ከተሻለ ነጭ ቤተሰቦች ልጆች ነው። ማሽኑ መለኪያውን በትክክል ከተማረ የመለኪያውንም ጉድለት አብሮ ተምሯል። «ይህ ጤናማ የተባለው በማን ላይ ተለክቶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ፕሮግራሙን በራሱ ሆስፒታል ልጆች ላይ የሚፈትን ሰው ያስፈልጋል። በገበያ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የሠለጠኑት በአዋቂዎች ምስል ስለሆነ ይህ ፈተና ገና ብዙ ይቀረዋል። እኔ ለዚህ ትውልድ የዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ራዲዮሎጂስት ከዚህ የተሻለ የምርምር መስክ አላይም።

እንግዲህ አሁን ምን ያድርጉ? ከስፔሻሊቲው በኋላ የሚጠብቅዎት ተጨማሪ ሥልጠና እንደ አገሩ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው። ቦታ ሲመርጡ የተቋሙን ስም ለብቻው አይመልከቱ። የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል አለው? የአንጀት መሰካትን ሠልጣኙ በእጁ ያስለቅቃል ወይስ ቆሞ ያያል? ማደንዘዣ ሳይሰጥ ኤምአርአይ የማንሳት ልምድ አላቸው? (ጨቅላን አጥብቶና ጠቅልሎ አስተኝቶ ማንሳት ይቻላል፤ ትልልቆቹን ደግሞ አስቀድሞ ማለማመድ።) ዘንድሮ እዚያ ያሉትን ሠልጣኞች በስልክ ያነጋግሩ፤ ምስል ሲያነቡ መምህሩ አጠገባቸው ይቀመጥ እንደሆነ ይጠይቁ። የዚህ ሙያ ማኅበራትም ለወጣቶች በራቸው ክፍት ነው። በአሜሪካ የሕፃናት ራዲዮሎጂ ማኅበር የተመሠረተው በ1958 ነው፤ በ2011 ደግሞ የዓለም አቀፍ ማኅበራት ፌዴሬሽን ተቋቁሟል።

እስከዚያው ባሉበት ሆስፒታል ሁለት ነገር ይጀምሩ። የመጀመሪያው ጤናማ የሆኑ ምስሎችን በዕድሜ እየለዩ፣ ስምና መለያ ቁጥር አጥፍተው፣ ሆስፒታልዎ በሚፈቅደው መንገድ ማስቀመጥ ነው፤ የደረት፣ የክርን፣ የዳሌ፣ የራስ ቅል። ብርቅ በሽታ የሚያስቀምጥ ብዙ ነው፤ ጤናማውን የሚያስቀምጥ ጥቂት ነው። ሁለተኛው አንዲት ትንሽ ጥያቄ መርጦ እስከ ሕትመት ማድረስ ነው። ርዕሱ ታላቅ መሆን የለበትም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘትን፣ መረጃ ማጥራትን፣ ገምጋሚ የሰጠውን አስተያየት ተቀብሎ እንደገና መጻፍን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ቢያልፉበት ይበቃል። ያንን ሥራ የሚመራዎት ሰው ለሥልጠና ሲያመለክቱ የድጋፍ ደብዳቤዎን የሚጽፈው እርሱ እንዲሆን ያድርጉ። ስለዚህ ሲመርጡት ከማዕረጉ ይልቅ የላኩለትን ረቂቅ በሳምንቱ አንብቦ የሚመልስ መሆኑን ይዩ፤ ማመልከቻው ከመከፈቱ ከአንድ ዓመት በፊት ቢያነጋግሩት ይመረጣል።